ያላስተረጎመችው ዓረፍተ ነገር

አስተርጓሚዋ በሥራ ቀን ሆስፒታል፣ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን መስማት ለተሳናቸው ሰዎች በእጇ ታወራለች። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ያለውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ታደርሳለች። ክፉ ወሬ ከሆነ እንደ ክፉነቱ ነው። የታማሚውን ፊት እያየች ቃሉን ማለሳለስ የሚያምራት ጊዜ ብዙ ነው፤ ግን በአሥራ አራት ዓመት አንድም ቀን አላደረገችውም።

ያደረገችው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ያውም በገዛ ወንድሟ ላይ።

ወንድሟ አናጺ ነው። ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም፤ እሷም የምልክት ቋንቋ የተማረችው ለእሱ ብላ ነው። ከስድስት ዓመት ትዳር በኋላ ሴት ልጅ ተወለደችለት፤ አሥራ አንድ ቀን ኖረች። የሳንባ ምች ነው ተባለ። ሳትጠመቅ ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ አናጺው አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረው፦ «ልጄ የት ናት?» መጋዙን አስቀምጦ ይጠይቃል፤ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ይጠይቃል። አጎታቸው፣ በሌላ ቤተ ክርስቲያን የሚያመልከው መንጃ ፈቃድ አስተማሪ፣ «ሕፃን ምን ኃጢአት አለበት? ቀጥ ብላ ገብታለች!» አለው። አማቱ ግን ለቅሶው ላይ «ምነው ቶሎ ባስጠመቃችኋት ኖሮ» የሚል ቃል አመለጣት። ኋላ አፏን በእጇ ብትይዝም ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሚስቱ ይህን ሰምታ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆመች።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ መምህር ስለ ጥምቀት ሰበኩ። አስተርጓሚዋ እንደ ወትሮው ከመድረኩ ሥር ቆማ፣ ከፊት ወንበር ለተቀመጡት ሰባት ሰዎች ታስተረጉማለች። ወንድሟ ሦስተኛው ነው። መምህሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ያልተጠመቀ ሰው፣ የአንድ ቀን ሕፃንም ቢሆን፣ መንግሥተ ሰማያት አይገባም» አሉ።

እጆቿ አየር ላይ ቀሩ። የወንድሟን ዓይን አየች። ከዚያ እጆቿ ተንቀሳቀሱና «ሕፃናት በእግዚአብሔር እጅ ናቸው» አሉ።

የአናጺው ትከሻ ወረደ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ትንፋሽ ሲተነፍስ አየችው።

ሰኞ ሥራ ገባች እንጂ ልቧ አብሯት አልገባም። አንዱን ብርጭቆ ሁለት ጊዜ አጠበች፤ ታማሚ ይዛ የተሳሳተ ክፍል ገባች። ዋሽቻለሁ? ወይስ እውነቱን የተናገርኩት እኔ ነኝ? በምን አውቃለሁ? ወንድሜን ደስ ስላለው ብቻ እውነት ይሆናል?

ማክሰኞ አጎቷን ፍለጋ ሄደች። እሱ መኪና ውስጥ ከተማሪው ጎን ተቀምጦ ሲያስተምር አገኘችውና የኋላ ወንበር ላይ ገባች።

«አጎቴ፣ ሕፃን ኃጢአት የለበትም ያልከው የት ተጽፎ ነው?»

«ይሄማ ግልጽ ነው! ጌታ ሕፃናት ወደ እኔ ይመጡ ዘንድ ተዉ አላለም እንዴ?»

«ብሏል። ሳይጠመቁ ስለሞቱት ግን እዚያ ቦታ አልተናገረም።»

«አንቺ ደግሞ እንደ ጠበቃ አትከራከሪኝ! ልብ ያውቀዋል።» አጎቷ ዞሮ ጣቱን ሲቀስርባት፣ ተማሪው ደንግጦ መስቀለኛ መንገድ መሐል ሞተሩን አጠፋ። ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ለቀቀባቸው። እሷም ጥያቄዋን እንደያዘች ወረደች።

ረቡዕ በልጅነቷ ሃይማኖት ያስተማሯት ሽማግሌ ዘንድ ሄደች። በአንዲት ጠባብ ክፍል ይኖራሉ፤ በማጉያ መነጽር ያነባሉ። ታሪኩን ሁሉ ነገረቻቸው።

«በዚህ ነገር ላይ የጻፉ ሦስት ሊቃውንት አሉኝ» አሉ መደርደሪያቸውን እያሳዩ። «ሦስቱም እግዚአብሔርን የሚፈሩ ናቸው፤ ሦስቱም አይስማሙም።»

«ታዲያ ማንን ልመን?»

«ልጄ፣ እኔ ጥቅስ ብቻዋን አላነብም። ከላይ ከታች ያለውን አነባለሁ፤ ለማን ተባለ፣ ለምን ተባለ እላለሁ። ከእኛ በፊት ያመኑት ምን እንዳሉ እጠይቃለሁ። ሁሉም የተስማሙበትን አጥብቄ እይዛለሁ፤ የተለያዩበት ላይ ስደርስ አልሮጥም።» መነጽሩን አስቀመጡ። «አንቺ ግን የምትፈልጊው ምንድን ነው? እውነቱን ነው ወይስ ወንድምሽ እንዲያርፍ?»

«ሁለቱንም።»

«መጀመሪያ ያደረግሽውን ንገሪው። በውሸት ጀምሮ እውነት የሚፈልግ ሰው አላየሁም።»

ሐሙስ ሥራ ስትወጣ ልትነግረው ወስና ነበር፤ እሱ ቀደማት። ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ እንዳለ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሞ አገኘችው። ፊት ወንበር ከሚቀመጡት ከሰባቱ አንዷ ልብስ ሰፊ ናት፤ መስማት ያቆመችው በአሥራ ሁለት ዓመቷ ስለሆነ ከንፈር ታነባለች። የመምህሩን አፍ አይታ ኖሮ ነገረችው።

«ምን ነበር ያለው?» አላት በእጁ።

ነገረችው። ቃል በቃል።

ፊቱ ልውጥ አለ። ከዚያ እጆቹ በንዴት ተወናጨፉ፤ ወረፋ የያዙት ሰዎች ሁሉ ዞሩ። «ሌላው ሰው የተባለውን ይሰማል፤ እኔ በአንቺ ወንፊት የተነፋውን ነው የማገኘው! እስከ ዛሬ ካስተረጎምሽልኝ ውስጥ የቱ የመምህሩ፣ የቱ የአንቺ ነው?»

«የእኔ ያቺ ብቻ ናት! ልክ ስላልመሰለኝ ነው።»

«ልክ ካልመሰለሽ ለምን እሱን አልጠየቅሽውም? እኔን ማታለል ቀለለሽ?»

እንባዋን ጠረገች። እሱም፣ «እሑድ እኔ እጠይቀዋለሁ። አንቺ ታስተረጉሚያለሽ» አላት።

ቅዳሜ ከሰዓት አናጺው፣ ሚስቱና እህቱ እሱ ቤት ተሰበሰቡ። አናጺው መጽሐፍ ቅዱሱን ገበታው ላይ ዘርግቶ፣ «የሚያጽናናኝን ብቻ አታንብቡ፤ የሚያሳምመኝንም አምጡ» አለ። ከውኃ ስለ መወለድ የሚናገረውን ክፍል እህቱ ሁለት ጊዜ እንድትደግምለት አደረገ። ስለ ልጆች የሚናገረውንም አነበቡ። አንዱን ሲይዙ ሌላው ያፈተልካቸዋል። ሚስቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ድንገት ተነሥታ መጽሐፉን ሳበችው፤ ከቀብሩ ወዲህ ነክታው አታውቅም። አገላብጣ አገላብጣ አንድ ገጽ ላይ ቆመች።

«ይሄ ንጉሥ ልጁ በሰባተኛው ቀን ሞተበት» አለች። «ግርዛት በስምንተኛው ቀን ነው። ልጁ የኪዳኑን ምልክት ሳይቀበል ነው የሞተው። አባትየው ግን ‹እሱ ወደ እኔ አይመለስም እንጂ እኔ ወደ እሱ እሄዳለሁ› አለ።»

«‹እሄዳለሁ› ያለው ወደ መቃብር ሊሆን ይችላል» አለች አስተርጓሚዋ። ማለቷ ራሷንም አስገረማት።

«ሊሆን ይችላል» አለች ሚስቲቱ። መጽሐፉን ግን አልዘጋችውም።

እሑድ ስብከቱ እንዳለቀ አናጺው ተነሥቶ ወደ መድረኩ ሄደ። እህቱ ከጎኑ ቆመች። እሱ በእጁ ይናገራል፤ እሷ በድምፅዋ ታስተረጉማለች። የመጀመሪያውን ቃሉን ሳትጨምር ሳትቀንስ አወጣችው፦

«ባለፈው ሳምንት መምህር የተናገሩትን አንድ ዓረፍተ ነገር አስተርጓሚዋ አላስተረጎመችልንም። በቦታው የራሷን ሐሳብ ተናገረች። አስተርጓሚዋ እህቴ ናት።»

ቤቱ አጉረመረመ። ፊቷ እንደ እሳት ነደደ፤ እጆቹን ግን መከተል አላቆመችም።

«መምህር፣ ልጄ በአሥራ አንድ ቀኗ ሳትጠመቅ ሞተች። መንግሥተ ሰማያት አትገባም ያሉት መጽሐፉ ስለ እሷ ስላለ ነው? ወይስ እንዲህ ስለተማሩ ነው?» ከዚያ የንጉሡን ልጅ ታሪክ አነሣ።

መምህሩ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ከመድረክ ሥር መጥቶባቸው አያውቅም። አንድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ «ይሄ ምእመናንን ያናውጣል፤ በግል ይነጋገሩ!» ብለው ተነሡ። መምህሩ በእጃቸው አስቀመጧቸው።

«መምህሬ እንዲህ አስተማሩኝ፤ እኔም እንዳለ አስተማርኩ» አሉ። «ጥምቀት የጌታ ትእዛዝ ነው፤ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ስለ ልጅህ ግን በሩን ስዘጋ ቁልፉን ማን እንደሰጠኝ አልጠየቅሁም። ይቅር በለኝ።»

«ታዲያ ገብታለች?»

«ተስፋ አደርጋለሁ። አውቃለሁ ብልህ ግን እንደገና ከማውቀው በላይ መናገሬ ነው።»

አስተርጓሚዋ የወንድሟን ዓይን እያየች ሁሉንም አደረሰች። «ተስፋ» የሚለውን አላሳደገችም፤ «ከማውቀው በላይ» የሚለውንም አላለዘበችም። አናጺው የመምህሩን እጅ ጨብጦ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ነገሩ በዚያ አልበረደም። የተቃወሙት ሽማግሌ ከነቤተሰባቸው ሦስት ሳምንት ቀሩ። አጎትየው ወሬውን ሰምቶ «ድሮስ አላልኩም?» ለማለት መጣና ከመምህሩ ጋር ተጨቃጭቆ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ አስተርጓሚዋን ይቅር ብትላትም፣ «ለጊዜው የመምህሩን አፍ ነው የማየው» አለቻት። ሚስቲቱ ተመለሰች፤ ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች።

መምህሩ ረቡዕ ከሰዓት የንባብ ጉባኤ ጀመሩ። ማንም ጥቅስ ሲጠቅስ ምዕራፉን ሙሉ እንዲያነብ ይገደዳል። አናጺው አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። ልቡ አርፏል ማለት አይቻልም፤ ጥያቄው ጥያቄ እየወለደ ሄደ። በአራተኛው ረቡዕ ስለ ትንሣኤ ከመምህሩ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ተሟገተ። አስተርጓሚዋ ክንዷ ዝሎ፣ «በእግዚአብሔር፣ ቀሪውን ለሳምንት አቆዩት!» ብትል ሁለቱም ልብ አላሏትም። እሷም እጅጌዋን ሰብስባ ቀጠለች።