የእጓለ ማውታ ዘር

"ከየት ነህ አላልኩህም፤ ከማን ነህ ነው ያልኩህ!" አለ አጎትየው፣ የሻይ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ቋ አድርጎ።

የእህቱን ልጅ ሊያገባ የሚፈልገው ሊፍት ጠጋኝ ከሥራ እንደወጣ የመጣ ነው፤ የመፍቻ ቦርሳው እግሩ ሥር ተቀምጧል። "ጋሼ፣ ያደግኩት ማሳደጊያ ነው። ከማን እንደሆንኩ የሚያውቅ ሰው የለም።"

"ሰማሽ?" አለ አጎትየው ወደ እህቱ ዞሮ። "ልጅሽ አባቱን የማያውቅ ሰው ከነመፍቻው አመጣችልሽ።"

እናትየው ዝም አለች። ልጅቷን ያስጨነቃት ይኸው ዝምታ ነው። የአጎቷን እምቢታ ትችለዋለች፤ እናቷ ግን "ወንድም ጋሼ ያልመረቀው ሰርግ ላይ አልቆምም" ብላ ምላለች። ያለ እናቷ ደግሞ አታገባም።

አጎትየው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ "እጓለ" ይባላል። ወንበር ላይ ወጥቶ ከግድግዳው ፍሬም አወረደ። የሴት አያቱ የጋብቻ ወረቀት ነው። "የሙሽራዋ አባት ስም" በሚለው መስመር ላይ "እጓለ ማውታ" ተብሎ ተጽፏል። ስለ ሰውየው ከእነዚህ ሁለት ቃላት በቀር የሚታወቅ ነገር የለም፤ የቀረውን አጎትየው ሞልቶታል። እጓለ ቁመተ ሎጋ ነበር። እጓለ ውሸት አይወድም ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ፈረስ ተጨምሮለታል። እናትየውም በበኩሏ አፍንጫዋ የእሱ መሆኑን ታምናለች።

"እንካ አንብብ። አባት ያለው ሰው እንዲህ ይጻፍለታል።"

ሊፍት ጠጋኙ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ሳቁን ሊውጥ ሲል ትን አለው።

"ምን ያስቅሃል?"

"ይቅርታ ጋሼ፣ በእርስዎ አይደለም።"

"ንገራቸው" አለች ልጅቷ። "መቆጣቱን እንደሆነ ተቆጥተዋል፤ ከዚህ በላይ አይቆጡም።"

ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳያቸው። የተሰለፉ ሕፃናት፤ ከበላያቸው የዛገ የቆርቆሮ ሰሌዳ። አጎትየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጮክ ብሎ አነበበ፦ "የእጓለ ማውታ ማሳደጊያ።" ፊቱ በራ። "አየሽ አንቺ? ማሳደጊያም አቋቁሞ ነበር!"

"ከሥሩም አለ ጋሼ።"

ከሥሩ በአዲስ ቀለም "እናትና አባት የሞቱባቸው ልጆች ቤት" ይላል። ይህን ጮክ ብሎ አላነበበውም።

"የሰው ስም አይደለም" አለ ሊፍት ጠጋኙ በቀስታ። "የድሮ ቃል ነው፤ ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ ማለት ነው። አያትዎ አባትሽ ማነው ሲባሉ የለኝም ብለው ይሆናል። ጸሐፊው ደግሞ መስመሩን ባዶ አልተወውም።"



"አፍንጫዬስ?" አለች እናትየው።

 አፍንጫዋን ዳበስ ዳበስ አደረገችና በሳቅ ፈረሰች። "ኧረ ፈረሱስ ወንድም ጋሼ! ፈረሱን ለማን ልንሰጠው ነው?"

"አንቺ ሴትዮ፣ ተይ!"

"አልተውም።" እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። "ለካ አንድም ሰው አልነበራትም። እናት የላት፣ አባት የላት፤ ይኸው እኛ ስንት ቤት ሞላን። እኔ ያላየሁት ሰውዬ አፍንጫ ስሸከም ኖርኩ፤ ለካ የምኮራው በእሷ ነበር!" ልጅቷ እናቷ እንዲህ ቀጥ ብላ ስትቀመጥ አይታ አታውቅም። "በሉ ልጆቼ፣ እኔ መርቄያለሁ። ወንድም ጋሼ ባይመርቅም ሰርጉ ላይ እቆማለሁ።"

ልጅቷ ዘላ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

"ቆይ እንጂ፣ ምን አጣደፈሽ!" አለ አጎትየው። ያንገበገበው ሱቁ ይሁን ፈረሱ አልታወቀም።  ከዚያ ተነሣ፤ ኮቱን ቆለፈ፤ ጠረጴዛውን ዞሮ ሶፋው ጋ ሄደ።

"ጠጋ በል" አለው ሊፍት ጠጋኙን።

አጠገቡ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ እህቱን እንደማያውቃት ሰው በአክብሮት እጅ ነሣት።

"እንግዲህ እመቤቴ፣ እኛ የወንዱ ወገን ነን። ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል።"