ከደረት እስከ ጉልበት

የጭነት መኪና ሾፌሩ ሲበዛ ችኩል ሰው ነበር። መኪናው የተገለበጠ ዕለት ዳሌው ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ከአልጋ ወደ ወንበር ለመሻገር እንኳ የባለቤቱን ትከሻ የሚጠብቅ ሆነ። ሐኪሙ የአጥንቱን መግጠም አይቶ ወደ ውኃ ሕክምና ክፍል ሲልከው፣ «በዚህ ዕድሜዬ ዋና ልማር ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

የክፍሉ ባለሙያ ጣቶቿ በውኃ ብዛት የተሸበሸቡ ወጣት ነበረች። መደገፊያውን አስይዛ ቀስ አድርጋ ወደ ገንዳው አወረደችው። ለብ ያለው ውኃ ደረቱ ጋ ሲደርስ እግሮቹ ወለሉን ረገጡ፤ አላመመውም። ቆሟል!

ሰንበት ሲል ግን የድሮ ጠባዩ መጣ። በገንዳው ግድግዳ ላይ ውኃ እየገፋ የሚያወጣ ቧንቧ አየና፣ «እህቴ፣ እስኪ እሱን ክፈቺልኝ። ይሄ እኮ የሕፃን ገላ መታጠቢያ ነው!» አላት።

«ጋሼ፣ ለሱ ገና ነዎት።»

ፎጣ ልታመጣ ዞር ስትል እጁን ሰዶ መክፈቻውን እስከ መጨረሻው አዞረው። ውኃው ገፍትሮ ከመደገፊያው አላቀቀው። ባለሙያዋ ከነልብሷ ዘላ ገብታ፣ ብብቱን ይዛ አቆመችው። በማግስቱ ዳሌው አብጦ ዋለ።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ቁጣ ሲጠብቅ፣ «ዛሬ ውኃውን ሞቅ አድርጌ ዝም ብለን እንቆማለን» አለችው። «ውኃውን ከፍ ሳደርገው ክብደትዎን ይሸከምልዎታል፤ ሳጎድለው ለእግርዎ ይመልሰዋል። ዳሌዎ ሲችል የቧንቧውን ግፊት እኔው አጠነክረዋለሁ። እርስዎ ሕመሙን ብቻ አይደብቁኝ።»

አልደበቃትም። ሲያመው ሥራውን ትቀንስለታለች፣ ሲሻለው ትጨምርለታለች። ውኃው ወደ ወገቡ ወረደ፤ ቧንቧው በጥቂቱ ተከፍቶ ግፊቱን እየታገለ መራመድ ለመደ። ብርድ የመታው ሰሞን ተመልሶ እስከ ደረቱ ገባ፤ አላጉረመረመም።

ውኃው ጉልበቱ ላይ በቀረ ዕለት ባለቤቱ ገንዳው ዳር ቆማ ነበር። ከጫፍ ጫፍ ተራመደ፤ ከዚያም ደረጃውን ወጥቶ፣ ውኃ እያንጠባጠበ፣ በደረቁ ወለል ላይ ወደ እሷ ሄደ። ባለቤቱ ግን እሱን ትታ ባለሙያዋን አንገቷን አቅፋ ሳመቻት።

«እጅሽ ይባረክ» አላት ሾፌሩ። «ዕድሜ ይስጥሽ፣ እህቴ።»

በሩ ላይ አንዲት አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ውኃውን በፍርሃት ያያሉ። ሾፌሩ ጎንበስ አለላቸው።

«አይዞዎት እማማ፤ ውኃውን በአቅምዎ ልክ ነው የምታደርግልዎት።»