ሆራስ ታፕሴል የጠራት ስም

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔም አልረሳሁም፤ ልረሳም አልፈለግሁም።

በመድረክ ላይ አስማት የሚያሳየው ሆራስ ታፕሴል እህቴን ሜብልን አስረግዞ ካዳት። ፍርድ ቤት ስትከሰው ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ጨብጦ፣ «ይህችን ልጅ አላውቃትም፤ ስሟንም ዛሬ ገና መስማቴ ነው» ብሎ ማለ። ዳኛው አመነው። ውሸታም የተባለችው እሷ ሆነች። ሜብል ከነልጇ የድሆች መጠለያ ስትገባ፣ እሱ የቢራ ጠማቂውን የሊሊዋይትን ልጅ አጨ።

በእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ በሆቭ፣ በሚስተር ቫይናል የፊልም መሥሪያ ቤት፣ ፊልም ሲነሳ የካሜራውን እጀታ በእጅ የማዞረው እኔ ነበርኩ። በዚያ በጋ ቫይናል ታፕሴልን ሰይጣን ሆኖ እንዲሠራ ቀጠረው። በባሌ ስም ስለምጠራ የማን እህት እንደሆንኩ አላወቀም።

ዘዴው ቀላል ነው። ሰይጣኑ አንዲት ወይዘሮ ለተቀመጠችበት ወንበር ጀርባውን ሰጥቶ፣ ወደ ካሜራው እያየ እጁን ያነሳል። እጀታውን ሳቆም እንዳለ ይደርቃል፤ በዚያ መሀል ወይዘሮዋ ተነስታ አጽም ይተካል። እጀታው እንደገና ሲዞር ሰይጣኑ ዞሮ ይስቃል፤ ለተመልካች ወይዘሮዋ በቅጽበት አጽም የሆነች ይመስላል። ታፕሴል አፍንጫዬ ላይ ዝንብ ብታርፍ ንቅንቅ አልልም እያለ ይኩራራ ነበር።

በአጽሙ ፋንታ እናትና ሕፃን ቢሆኑ ይበልጥ ያስቃል ብዬ ቫይናልን አሳመንኩት። ለታፕሴል ግን ማንም አልነገረውም። ካሜራውን ሳቆም ሜብል ልጇን ታቅፋ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣችና ተቀመጠች። እሱ ንቅንቅ አላለም።

እጀታውን አዞርኩ። ታፕሴል እየሳቀ ዞረ፤ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ከንፈሩ ገጠመ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ገጠመ፤ ስሟን ጠራ፦ ሜብል። እጀታውን ማዞሬን ቀጠልኩ። ቫይናል እንዲህ ያለ ድንጋጤ አይቶ እንደማያውቅ ተናግሮ ፊልሙ እንዳለ ይውጣ አለ።

በከተማው አዳራሽ ሲታይ፣ ታፕሴል ይቅርብን ቢልም የወደፊት አማቱ ሊሊዋይት ይዘውት መጥተው እጮኛው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ፊልሙ ድምፅ የለውም፤ ከንፈሩ ግን በግልጽ ይነበባል፤ የሰፈራችን ሰው ደግሞ የማለ ቀን ፍርድ ቤት ነበረ። ከኋላ አንዲት ዓሣ ሻጭ ተነሳች።

«ስሟን ጠራት እኮ። አላውቃትም ያለው ሰውዬ ስሟን ጠራት።»

 ሊሊዋይት የልጃቸውን ክንድ ይዘው ወጡ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ታፕሴል በር ላይ ጠብቆ ፊልሙን እንዳቃጥለው ለመነኝ።

«አንዱን ባቃጥለው ምን ይጠቅምሃል?» አልኩት። «ሠላሳ ቅጂ ወጥቷል። ዛሬ ሊድስ ከተማ ላይ በስሟ ጠርተሃታል፤ ነገ ግላስጎው ከተማ ላይ ትጠራታለህ።»