የጎደለው ጊጋ

እኔ ስቆጣ ሳቢያን ሰፈር ሙሉ ይሰማል፤ ባሌ ጉሌድ ብቻ አይሰማም። ሰው ሲጮህበት መልስ አይሰጥም እንዴ? ጉሌድ ግን ዝም! ወላሂ፣ ከተጋባን ጀምሮ ከግድግዳ ጋር ነው ስጣላ የኖርኩት።

የዚያን ቀን ያናደደኝ ግን ፍላሽ ነው። የሰርጌ ቪዲዮ ያለበት ፍላሽ ጀርባው ላይ ስድሳ አራት ጊጋ ይላል። ለልጄ ካርቱን ላስጭንበት ብወስደው፣ ዘፈን ጫኙ ይሳቅ አሮጌው ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ፣ «ይሄ እኮ አሥራ አምስትም አይሞላም» አለኝ።

«ናፊሳ ሸወደችኝ!» አልኩ። ሰርጌን ቀርጻ ፍላሹን የሰጠችኝ እሷ ናት። «በል የጎደለውን መልስልኝ!»

ይሳቅ መጀመሪያ ፍላሹ ላይ ያለውን የሴቶቹን ጭፈራ ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጠልኝ። ከዚያ የሆነ ነገር ከፍቶ አፈጠጠ። «ፋርሂያ፣ ፍላሹ ለሁለት ተከፍሏል። ትልቁ ክፍል ተደብቋል። ምን እንዳለበት ልየው?»

«አቦ አታድርቀኝ! አጥፋና ሙሉ አድርገው!»

አጠፋው። አንድ አድርጎ ፎርማት ሲያደርገው ሙሉ ቦታው ተመልሶ ቁጭ አለ። እኔም እዚያው ቆሜ ናፊሳ ጋ ደወልኩ፣ ልሰድባት።

«አንቺ ሌባ! ፍላሹን ማን ቆርጠሽ ስጪኝ አለሽ?»

«የምን ሌባ? የሴቶቹ ጭፈራና የወንዶቹ እንዳይቀላቀል ለይቼ አስቀመጥኩልሽ! ቴሌቪዥንና አሮጌ ኮምፒውተር አንዱን ብቻ ነው የሚያሳየው ብዬሽ አልነበር? አንቺ መቼ ሰው ትሰሚያለሽ!»

«የወንዶቹ ምን?»

«ወንድሜ የቀረጸው ኒካው ነዋ! አባትሽ ሲድሩሽ!»

ያ አላህ! ኒካ ሲታሰር ሙሽራ አትቀመጥም፤ እኔ ጓዳ ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ። አባቴ እኔን የዳረበትን ቃል ሰምቼ አላውቅም። መቀረጹንም አላወቅኩም፣ ጉሌድም ተናግሮ አያውቅም። አባቴ ደግሞ አምና በረመዳን ወደ አኼራ ሄደ። ያንን ድምፅ ነው በገዛ አፌ አጥፋ ያልኩት!

«ይሳቅ...» ብዬ ፍላሹን ልነቅል እጄን ሰደድኩ።

«አትንኪው! ምንም አልጫንኩበትም፤ ሊገኝ ይችላል» አለና የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አስነሳ።

ከዙህር ሶላት እስከ ዐሥር ሶላት እዚያው ተቀመጥኩ። በመጨረሻ አንድ ቪዲዮ መጣ። ምስሉ ተቆራርጧል፤ ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነው። አባቴ የጉሌድን እጅ ጨብጦ፣ «ልጄን ፋርሂያን ድሬልሃለሁ» አለ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አባቴ ግን እጁን አልለቀቀም፤ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«ስማኝ ልጄ፣ ይቺ ልጅ ቁጡ ናት። በእኔ ነው የወጣችው። ስትጮህ አትመልስላት፣ ዝም በላት፤ ወዲያው ይበርድላታል። ልቧ ደግ ነው። ቃል ግባልኝ።»

«ቃሌ ነው፣ አባባ» አለ ጉሌድ።

ሱብሃነላህ! ይሄን ሁሉ ጊዜ!

ይሳቅ ምን እንደምል እያየኝ ጠበቀ። ቪዲዮውን ፍላሹ ላይ አስጭኜ ወጣሁ። ቤት ስገባ ጉሌድ ልጃችንን እያበላ ነበር፤ ምሳ ሳልሠራ ነው የጠፋሁት። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለኝ ደንግጦ። «አሞሻል እንዴ?»