አማቴን ያስታጠቅኳቸው ሱፍ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰፈር ውስጥ «ብጣሽ» ነው የሚሉኝ፤ ቁራጭ ጨርቅ ስለማልጥል። በዚህ ስም ሲጠሩኝ አብሬ እስቅ ነበር። ከአገር ውጭ ደርሰን ከተመለስን ወዲህ ግን ሲጠሩኝ ፊቴን አዞራለሁ።

ጉዞውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ በአሥራ አምስት ዓመት ትዳራችን አንድም ቀን «ሽርሽር ውሰደኝ» ብላኝ አታውቅም። አማቴ ደግሞ ባሕር ሳያዩ መሞት እንደማይፈልጉ በቀልድ አስመስለው ይናገሩ ነበር። አንድ ቀን ርካሽ ቲኬት አገኘሁ። የረከሰው ለአንድ ሰው አንዲት ትንሽ ቦርሳ ብቻ ስለሚፈቅድ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የኪሎው ቅጣት ቲኬቱን ራሱን ያስንቃል።

«ይሄ ደግሞ ለልብስ ሰፊ ምን ችግር አለው?» አልኩና ለአራታችንም ገበሩ በኪስ የተሞላ ካፖርት ሰፋሁ። ጫማ በሉት፣ ፎጣ በሉት፣ የስልክ ቻርጀር በሉት፣ ሁሉም ኪስ ገባ። ስንሄድ ማንም ምንም አላለንም። አሥራ ሦስት ዓመት የሆናት ልጄ «አባዬ፣ የሚራመድ ቁምሳጥን ሆንን እኮ!» ብላ እየተንከተከተች ሳቀች።

ያረፍንበት ክፍል አምስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍቱ ላይ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱም ከማርጀቱ የተነሳ ቢጫ ሆኗል። ለአራት ሰው ሁለት አልጋ። ሙቅ ውሃው ቀድሞ ለገባ ሰው ብቻ ነው የሚበቃው። ምሳችን መናፈሻ አግዳሚ ላይ ዳቦና ቲማቲም ነበር። እንዲያም ሆኖ በሦስተኛው ቀን በአውቶቡስ ባሕር ዳርቻ ወሰድኳቸው። አማቴ ጫማቸውን አውልቀው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገቡና ማዕበሉ ሲመጣ የልጄን እጅ ጨብጠው እንደ ሕፃን ጮኹ። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞራ «ተባረክ» አለችኝ። ደረቴ ተነፋ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው። በማግስቱ ብቻዬን ስዞር አንድ ጨርቅ ቤት ሊዘጋ ስለሆነ ዕቃውን በግማሽ ዋጋ ሲያራግፍ አገኘሁ። ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ነው፤ በጣቴ ስዳብሰው ልቤ ዘለለ። አሥር ሜትር ገዛሁ። ሦስት ሙሉ ልብስ ይወጣዋል፣ የጉዟችንን ወጪ ይመልሳል ብዬ።

በምንመለስበት ጠዋት ባለቤቴ መታጠቢያ ቤት እንደገባች ሱፉን ለአማቴ ሰጠኋቸው።

«እማማ፣ ይቺን ከካፖርቱ ሥር ወገብዎ ላይ ይጠቅልሉልኝ። እርስዎ ቀጭን ስለሆኑ አይታወቅም።»

ጨርቁን አይተው እኔን አዩኝ። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ለልጅዎ ግን እንዳይነግሯት፤ ትጨቀጭቀኛለች።»

«እሺ ልጄ» አሉ። እምቢ ማለት አያውቁም። ከሁሉም መርጬ እሳቸውን የጠየቅኩት ይህንን ስለማውቅ ነው። እሳቸው ሲጠቀልሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ።

አውሮፕላን ማረፊያው እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ ሰልፉም ንቅንቅ አይልም። ባለቤቴ ቀድማ አልፋ ከመስታወቱ ወዲያ ወንበር ፍለጋ ሄዳለች። አማቴ ከፊቴ፣ ልጄ ከጎኔ ነበሩ። ላባቸው በጆሯቸው ሥር ሲወርድ አይቻለሁ። «ደህና ነዎት?» አልኩ እንጂ «ያውልቁት» አላልኩም። ሚዛኑ ጋ ለመድረስ አምስት ሰው ሲቀረን ጉልበታቸው ከዳቸውና ወለሉ ላይ ተዝለፈለፉ።

ነርስ በሩጫ መጣች። ካፖርቱን ስትከፍተው የልጄ ጫማ፣ የእኔ ካልሲ፣ የመላጫ ዕቃዬ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ቀጥሎ ሱፉን አገኘችው። አንዲት የማረፊያው ሠራተኛ አማቴን ከጀርባቸው ደግፋ ነርሷ ጫፉን ይዛ ትፈታው ጀመር። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ሦስት። አያልቅም። ሰው ሁሉ ከቦ ያያል፤ ከኋላዬ የሆነ ሰው ሳቀ። ጨርቁ ሲያልቅ ከሥሩ ቀሚሳቸው በላብ ገላቸው ላይ የተጣበቀ አንዲት ትንሽ አሮጊት ቀሩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ነርሷ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀች። ልጄ ተረጎመች፦ «ማነው እንዲህ ያለበሳቸው? ትላለች።»

ነርሷ የምታየው እኔን ነው። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ዝምታ ግን እዚያው አፌ ውስጥ ነቀዘ።

አማቴ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። «እኔው ነኝ የለበስኩት በያት። ብርድ አልችልም በያት።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። አንድ ቃል እንድተነፍስ ጠበቀችኝ። ጫማዬን አየሁ። ከዚያ ፊቷን መለሰችና አያቷ ያሉትን ተረጎመች።

ውሃ አጠጥተው፣ ግፊታቸውን ለክተው በተሽከርካሪ ወንበር አሳለፉን። ሱፉን ከፍዬ በጭነት አስገባሁት። ባለቤቴ እናቷን ወንበር ላይ ስታይ ደንግጣ «ምን ሆነች?» አለች። «ሙቀቱ ነው» አልኳት።

ርካሽ ቲኬት ቤተሰብን ጎን ለጎን አያስቀምጥም። ለእኔ የደረሰኝ ከአማቴ አጠገብ ነበር። አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

ውሃቸውን ተጎነጩ። «እኔስ አሮጊት ነኝ፣ እረሳዋለሁ። ልጅህን ግን አስዋሸሃት» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ተነሳሁ። ልጄ አራት ረድፍ ወደ ኋላ፣ መስኮቱ ጋ ነበረች። ጎኗ ያለው ሰውዬ ተኝቷል። በእሱ ላይ አጎንብሼ «አያትሽን ያስለበስኳቸው እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«መናገር ነበረብኝ።»

«ታዲያ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለች። «ለነርሷ ነበር መንገር። ሰዉ ሁሉ እኮ እማማን እንደ ሌባ ነው ያያቸው።»

አስተናጋጇ «ቦታህ ተቀመጥ» የሚል ምልክት ሰጠችኝና ተመለስኩ።

ቤት በገባን በማግስቱ አራታችንም ምሳ ላይ ሳለን ለባለቤቴ ነገርኳት። ሱፉን፣ «እንዳይነግሯት» ማለቴን፣ ነርሷ ስትጠይቅ ዝም ማለቴን፣ ምንም አላስቀረሁም። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እናቴን?» አለች።

«በይ ብይ፣ አሁን ደህና ነኝ አይደል» አሏት አማቴ። አልበላችም። ቀድማ የተነሳችው ልጄ ነች። ሳህኖቹን ስትሰበስብ የእኔንም ከፊቴ አነሳች፤ ዓይኔን ግን አላየችም።