ዲሹ ከመሪጌታ ዛፍ ማዶ

ጅዳ ያለችው እህቴ ጠይባ እናታችንን ለሐጅ ወሰደቻት፤ ለእኔም ዲሽ ላከችልኝ። ዛሬ እናቴ ዐረፋ ሜዳ ላይ ትቆማለች፤ ከቀትር በኋላ በቀጥታ ይታያል ተብሏል። ሳላያት ውዬ አላድርም ብያለሁ።

ዲሽ ገጣሚው ሱፍያን ከጧት ጀምሮ ጣራዬ ላይ ነው። ሳህኑን በትንሽ በትንሹ ያዞራል፤ እኔ ቤት ውስጥ ሆኜ ቴሌቪዥኑን አያለሁ። የሚታየኝ ባዶ ሰማያዊ ብቻ። ወደ ቂብላ አዙረው አልኩት፤ ሥዕሉ የሚመጣው ከመካ አይደል? ሳተላይቱ ያለው በፀሐይ መጥለቂያ በኩል ነው ቢለኝ እሺ አላልኩም። አዞረልኝ። ምንም የለም። መልሶ አዞረውና ያ ዛፍ ነው የከለለው አለኝ።

ዛፉ የጎረቤቴ የመሪጌታ ኒቆዲሞስ ነው። በርበሬዬን ፀሐይ ከለከለው፣ ይቆረጥ ብዬ ተጣልተናል። እሳቸው ደግሞ ተማሪዎቻቸውን የሚያስተምሩት ከሥሩ ነው፤ አይነካም አሉ። ደጃቸውን አልረግጥም ብዬ ምያለሁ።

ሱፍያን የዲሹን ማቆሚያ ብረት አስረዘመው፤ ወደ ኩሽናው ጣራም ወሰደው። ዛፉ ይበልጠዋል። የቀትሩ የዙሁር አዛን ተሰማ። ደጃቸውን አልረገጥኩም፤ በአጥሩ ጠራኋቸው።

“መሪጌታ፣ ዛፉን ይቁረጡ አልልም። ከዛፉ ማዶ፣ እርስዎ ግቢ ልትከለው። እናቴ ዛሬ ዐረፋ ላይ ናት።”

መሰላል ሊያመጡ ሄዱ።

የዲሹ ገመድ በአጥሩ ላይ ተሻገረ። ሱፍያን እዚያ ያዞራል፣ እኔ እዚህ እጮሃለሁ፣ መሪጌታ መሐል ቆመው ቃሌን ያቀብላሉ። ድንገት ቴሌቪዥኑ ላይ ሜዳ ሙሉ ሰው መጣ። መሪጌታም ቤቴ ገብተው መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ያ ሁሉ ሕዝብ! ዓይኔ ደከመ። መሪጌታ ጣታቸውን ቀሰሩ። አንዲት አሮጊት ፖሊሱ በዚያ እለፊ ሲላት ንቅንቅ አልል ብላ ትከራከራለች።

“ያቻት” አሉ።

መልኳ መች ታየ አልኳቸው።

“መልክ ምን ያደርጋል? እናትሽ ካልሆነች አንቺ ነሽ።”

ተሳሳቅን። አይቼ አይቼ ወላሂ እሷው ሆነችብኝ።

ማታ ጠይባ ደወለች። እናታችን ቀኑን ሙሉ ከድንኳን አልወጣችም አለች። ጠይባ ምን ታውቃለች? እኔና መሪጌታ አይተናታል። ዲሹም አሁን ድረስ እሳቸው ግቢ ነው።