ከሞገዱ በታች ያለው አረንጓዴ

ሮስቪታ ኤንግልሃርት የተወለደችበት የኤርለንግሩንድ መንደር ከግድቡ ውሃ ሥር ከገባ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። አባል የሆነችበት የወረዳ ምክር ቤት ስለ አዲሱ አርማ ሲከራከር ግን ዓይኗን ጨፈን ባደረገች ቁጥር መንደሩ ይመጣባታል፤ ዓሦች በዳቦ ቤቱ መስኮት ይገባሉ፣ ሣሩ በነፋስ ፈንታ በውሃ ይወዛወዛል።

የላይኛውና የታችኛው ወረዳ አንድ ተደርገው ተጋብተዋል ተብሎ ነበር። ጋብቻው የዋና ከተማው ሹማምንት ፈቃድ እንጂ የሙሽሮቹ አልነበረም። አዲሱ አርማ ለሚሳልበት ጋሻ ከላይኛው ወረዳ አርማ አጋዘኑ፣ ከታችኛው የገዳሙ ቁልፍ ተወሰደ። የቀረው የጋሻው ግርጌ ነው። የአርማ ባለሙያው ዶክተር ኖርድማን እዚያ ላይ ሰማያዊ ሞገድ ስለው መጡ። የወረዳው አስተዳዳሪ ወደዱት፤ የግድቡ ሐይቅ ጎብኚ ይስባል አሉ።

ሮስቪታ ተነሳች። በአዳራሹ ውስጥ የኤርለንግሩንድ ሰው እሷ ብቻ ናት፤ ዛሬ ዝም ካለች መንደሯ ከካርታው እንደጠፋ ከጋሻውም ይቀራል።

«በሟች ቤት ግድግዳ ላይ የገዳዩን ፎቶ ነው የምትሰቅሉት?»

አስተዳዳሪው ሳቅ አሉ። «ወይዘሮ ኤንግልሃርት፣ መብራትዎ እኮ ከዚያው ውሃ ነው የሚመጣው።»

«አውቃለሁ። ባበራሁ ቁጥር የሚበራልኝ የአባቴ ከብቶች ግጦሽ ነው።»

ከሞገዱ በታች አረንጓዴ ይግባ፣ የመስካችን ቀለም ነው አለች። ምሳ የራበው አንድ የምክር ቤት አባል ዳቦ ቤቱም ይሳልልሽ ወይ ብሎ አሾፈ። ቦታ ካለ ደስ ይለኛል አለችው።

ዶክተሩ ግን አይሆንም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ የአርማ አሳሳል ሕጉ የባላባቶቹ ዘመን ሕግ ነው። ሰማያዊና አረንጓዴ ከተነካኩ ከሩቅ አይለዩም፤ በመሃላቸው ብር የሚባለው ነጭ ወይም ወርቅ የሚባለው ቢጫ መግባት አለበት።

ሮስቪታ ዓይኗን ጨፈን አደረገች። ከዚያ የመስከረም ማለዳ በፊቷ ተዘረጋ፤ ጭጋጉ መስኩ ላይ ተኝቷል፣ ላሞቹ እግር የሌላቸው ይመስል በነጩ ላይ ይንሳፈፋሉ።

«እንግዲያውስ ብሩን መሃል ያስገቡት፣» አለች በዝግታ። «ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ እዚያ ነበር የሚተኛው።»

ዶክተሩ ትክ ብለው አዩዋት። ላጲስ አንስተው ሞገዱን ከፍ አደረጉት፣ ከሥሩ ቀጭን ነጭ መስመር ተዉ፣ ከዚያ አረንጓዴውን እርሳስ ፈለጉ። አስተዳዳሪው በአርማው ማብራሪያ ላይ አረንጓዴው ለደናችን ነው ብለን እንጽፋለን አሉ።

«ደን አይደለም፣» አሉ ዶክተሩ ቀና ሳይሉ። «ኤርለንግሩንድ ነው።»

እጆች አንድ በአንድ ለድጋፍ ተነሱ። ሮስቪታ ድምፅ መስጠቱን ረስታ ከነጩ መስመር በታች ታያለች፤ አስተዳዳሪው ስሟን ደጋግመው መጥራት ነበረባቸው።